ለጥናት ነው ያለው ሰውዬ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ፣ ተጨምቆ፣ በአንድ መስመር ይጻፍ ቢባል ምን ይወጣዋል? ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ አላቸው። ለኤዶሳ ግን ሁለት ቃል ይበቃዋል። «ለካሁ፣ ገፋሁ» ይላል፣ ሥራህ ምን ነበር ብሎ የሚጠይቀው ሲገኝ። አዲስ አበባ ሃያ ሦስት ዓመት ቤት ለካ፤ ሚኔሶታ መጥቶ አሥራ አምስት ዓመት ፎርት ስኔሊንግ ባለው ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ገፋ። ጠያቂው ገፍቶ «ቤት ለካሁ ስትል፣ ኢንጂነር ነበርክ?» ካለው፣ «አይ፣ ሜትር ያዥ» ይልና ወሬውን ወደ አየሩ ያዞረዋል። ሚኔሶታ ላይ ደግሞ የአየር ወሬ አያልቅም።

ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። ረጅም ነው፤ ግን ከወገቡ ጎንበስ ይላል። ያን ያህል ዘመን የሰው ወንበር ሲገፋ የኖረ ሰው፣ እሱ ሥራውን ቢተውም ጀርባው አይተወውም። ከሚስቱ ከሰገነት ጋር ሴንት ፖል ውስጥ፣ ከሀይዌዩ ግንብ ሁለት ቤት ገባ ብሎ ባለች የእንጨት ቤት ይኖራል። ቤቷ የራሳቸው ናት። ልጃቸው ዱረቲ ኢገን በምትባል ጎረቤት ከተማ ሆና ነርስነት ትሠራለች፤ በሳምንት አንድ ቀን ትጠይቃቸዋለች። አባቷ በአማርኛ ሲያናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ እሱም መልሷን ግማሹን ይሰማዋል፣ ግማሹን ይጠረጥረዋል።

ጠርጣራነቱን የማያውቅ የለም። በር ሲንኳኳ ሄዶ አይከፍትም። መጀመሪያ በመጋረጃው ጠርዝ የመጪውን እጅ ያያል፤ ፊቱን አይደለም፣ እጁን። እጁ ባዶ ከሆነ ይከፍታል። ወረቀት ከያዘ ያመነታል። መለኪያ ወይም ታብሌት ከያዘ ግን ሰገነትን በጣቱ ጠቅሶ ዝም ያሰኛትና ሁለቱም በገዛ ኮሪደራቸው ላይ እንደ ሌባ ትንፋሻቸውን ውጠው ይቆማሉ። በሕዝብ ቆጠራው ዓመት ቆጣሪዋ አራት ጊዜ ተመላልሳ አጣቻቸው። በመጨረሻ ዱረቲ ከኢገን መጥታ ወላጆቿን አስቆጠረች። የሚሄዱበት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ ክፍሌ፣ ይህን ሰምቶ «ጋሽ ኤዶሳ የሕይወት መዝገብ ላይ እንኳ ስሙ እንዳለ ሲነገረው፣ ማን ነው የጻፈው ብሎ ነው የሚጠይቀው» እያለ ምእመኑን ያስቃል። ኤዶሳም አብሮ ይስቃል። ግን ስሙን ማን እንደጻፈው በእርግጥም ማወቅ ይፈልግ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በግንቦት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ኤዶሳ ቆሻሻ ሊያወጣ ሲወጣ የእግረኛው መንገድ ላይ፣ ልክ በቤቱ ትይዩ፣ ቀይ ቀለም አየ። ቀስት አለው፤ ሁለት ፊደል አለው፤ ከዚያ እየተቆራረጠ በሣሩ ላይ ወደ በረንዳው ያመራል። በመስመሩ ዳር ዳር በቀጫጭን ሽቦ ላይ ትንንሽ ቀያይ ባንዲራዎች ተተክለዋል። ከረጢቱን እንዳንጠለጠለ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው። ገና አልደረቀም።

«ሰገነት» አለ ወደ ውስጥ፣ «መጥተዋል።»

«እነማን?»

«ቀቢዎቹ።»

ሰገነት እጇን በቀሚሷ እያበሰች ወጥታ አየችው። ስልኳን አንስታ ልጇ ዘንድ ደውላ ለኤዶሳ ሰጠችው። ዱረቲ ሥራ ላይ ነበረች፤ በችኮላ፣ «ዳድ፣ የኬብል ሰዎች ናቸው። ከመቆፈራቸው በፊት ማርክ ያደርጋሉ። ኢትስ ኖቲንግ» አለች።

«እነሱም የሚሉት ይህንኑ ነው» አለ ኤዶሳ።

«ሁ ኢዝ እነሱ?»

ኤዶሳ ስልኩን ለሰገነት መለሰላት።

ወደ አየሩ ወሬ ሲያመልጥ የሚዘለውን ነገር እዚህ ላይ መናገር ግድ ነው። ኤዶሳ የአንድ ቀበሌ የቤት ልኬት ሠራተኛ ነበር። አንድ ሰፈር ሊነሳ ሲታሰብ ከዶዘሩ በፊት፣ ከካሳ ኮሚቴው በፊት፣ ከስብሰባውም በፊት ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ሜትሩን፣ መዝገቡን፣ የቀይ ቀለም ጣሳውንና ብሩሹን ይዞ። ግቢ ይገባል፣ ጤና ይስጥልኝ ይላል፣ ይለካል፣ በሩ ላይ ቁጥር ይጽፋል። የቤቱ እመቤት ወጥታ «ልጄ፣ ምንድን ነው ይሄ?» ትለዋለች። መልሱ ከአለቃው የተሰጠው ነው። «ለጥናት ነው፣ እናቴ።»

ጥናት የሚያስደነግጥ ቃል አይደለም። ተማሪ ያጠናል፤ ዳዊት ደጋሚ ያጠናል። ሊያውቅ የሚሻን ሰው ማን ይከለክላል? እንዲያውም ሴትዮዋ ለደከመው አጥኚ ውሃ ታመጣለታለች፣ እሱም ይጠጣል። ከዓመት በኋላ ያ ግቢ የለም። ኤዶሳ የጠጣበት ኩባያ የት እንደገባ ማንም አያውቅም።

በመጨረሻ ቀለሙ ዞሮ ወደ ራሱ ሰፈር መጣ። የገዛ በሩን ቁጥር የጻፈው ራሱ ነው፤ ሌላ እንዲጽፍበት አልወደደም። ሰገነት ከውስጥ ሆና «ምንድን ነው?» ብትለው፣ አፉ ለምዶ፣ «ለጥናት ነው» አላት። ይህችን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። በቀልድ ታነሳበታለች፤ ቀልድ ግን አይደለችም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። የኤዶሳ ፍርሃት ከዚህ ይለያል። እሱ እባቡን ያየ ሳይሆን እባቡን የሆነ ሰው ነው።

እንግዲህ በዚያው ሳምንት፣ ረቡዕ ከጸሎት በኋላ፣ ክፍሌ አንድ ወረቀት አመጣለት። እሑድ ለሌሎቹ ታድሎ የኤዶሳና የሰገነት ሳይደርሳቸው ቀርቶ ነበር።

«ስለ ሮንዶ ነው» አለ ክፍሌ። «እናንተ ያላችሁበት አካባቢ ድሮ የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ነበረ፤ ስሙ ሮንዶ። ሀይዌዩ በመሐሉ አልፎ ነው ያፈረሰው። አሁን ታሪኩን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። የድሮዎቹንም፣ ዛሬ በቦታው ያለነውንም አንድ ላይ በሰሌዳ ሊጽፉ ነው። ፎርሙን ሞልታችሁ ሳይን ማድረግ ብቻ ነው።»

«ምን ምን ይጠይቃል?»

«ስም። አድራሻ። በቤቱ ስንት ዓመት ኖራችሁ። የቤታችሁን ፎቶ ከፊት ለፊት ለማንሳት ፈቃድ።»

«ከላይ በትልቁ የተጻፈው ምንድን ነው?»

«ሰርቬይ ይላል።»

«በአማርኛ?»

ክፍሌ አሰበ። «እንግዲህ… ጥናት።»

ኤዶሳ ወረቀቱን በአራት አጠፈው። «ክፍሌ፣ ቀለሙ ሰኞ መጣ። ወረቀቱ ረቡዕ መጣ። የቀረ ስብሰባ ነው።»

«ስብሰባውማ ቅዳሜ ነው» አለ ክፍሌ ሳያስበው። «ማለቴ ጉብኝቱ። ሰፈሩን በእግር ያሳዩናል፣ ምሳም አለ።»

«ምሳም አለ» አለ ኤዶሳ።

ቤት ሲገቡ ሰገነት ወረቀቱን ከኪሱ አውጥታ ዘረጋችው። «እኔ እፈርማለሁ» አለች። «የመጀመሪያው ቤታችን እዚያ ነበር የሚል አንድ ብጣሽ ወረቀት አለን? የለንም። ይሄኛው ይጻፍልኝ። አንተም ትፈርማለህ።»

«እኔ ለማንም ወረቀት ስሜን አልሰጥም።»

«ስምህን ለብቻህ ምን ልታደርግበት ነው?»

ሦስት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቁ፤ ሁለት ሰው በአንድ ቤት ለአርባ ዓመት ሲኖር ጭቅጭቁም እንደ ዕቃ ቦታ ቦታ አለው፣ ሳይነካኩ ያልፉታል። ዓርብ ማታ ኤዶሳ «ልሂድና ልይ» አለ። «ግን ለመስማት አይደለም የምሄደው። እዚህ አገር እንዴት እንደሚሠሩት ላይ ነው።»

ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑ ቫን አሥራ አንድ ሰው ይዞ ሀይዌዩ ዳር ካለች ትንሽ የመታሰቢያ ቦታ አወረዳቸው። ቦታዋ በሁለት ቤት መካከል የወለቀ ጥርስ ይመስል ባዶ ሆና የቀረች ናት፤ የድሮው ሰፈር ፎቶና ጽሑፍ ያለባቸው ሰሌዳዎች ቆመውባታል። ከታች፣ ሀይዌዩ በሚያልፍበት ጉድጓድ ውስጥ፣ መኪናው ያለማቋረጥ ይጮኻል። አስጎብኚዋ ሚስ ዊልማ የሚባሉ የሰባ ስድስት ዓመት ሴት ናቸው፤ ከዘራ ይዘዋል፣ ግን የሚደገፉበት ሳይሆን የሚጠቁሙበት ነው። ወንበር ተደርድሯል፤ ኤዶሳ አልተቀመጠም። የታሸገ ውሃ ታደለ፤ አልወሰደም።

«ጠጣ እንጂ፣ ፀሐይ ነው» አለችው ሰገነት።

«የሰው ውሃ ጠጥቼ የሆነውን ታውቂያለሽ።»

ሚስ ዊልማ ይናገራሉ፣ ክፍሌ ይተረጉማል። የክፍሌ ትርጉም ከእጅ አይሻል ዶማ ነበር፤ ቢሆንም ዋናው ደረሰ። ሱቆቹ፣ ጸጉር ቤቶቹ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ፤ በባቡር ላይ የሰው ሻንጣ እየተሸከሙ ልጆቻቸውን ያስተማሩ አባቶች። የሚስ ዊልማ አባት ከእነዚህ አንዱ ናቸው። ከዚያ የሀይዌዩ ወሬ፤ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የተደረገው ስብሰባ፤ ሌላ መስመር አለ፣ በዚያ ይለፍ ብለው ከቢሮ ቢሮ የተንከራተቱት። ቤታቸው ፈርሶ በሌላ ሰፈር ሊከራዩ ሲሄዱ ቆዳቸው ታይቶ በር የተዘጋባቸው። ለመኖሪያ ቤት መብት የተደረገው ትግል ከየት እንደጀመረ ስትጠይቁ፣ አሉ ሚስ ዊልማ፣ ሰዎች ሰልፉን ያሳዩአችኋል፤ እኔ ግን ይህን ጉድጓድ ነው የማሳያችሁ።

ምእመናኑ ከንፈር መጠጡ። አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች። ኤዶሳ ግን እንደ ቆመ ነው። ሴትዮዋ መጨረሻውን በደንብ ተናግረዋል፤ መጀመሪያውን አልተናገሩም። መጀመሪያውን የማይናገር ደግሞ ወይ አያውቀውም ወይ ይደብቀዋል።

«ክፍሌ፣ ጠይቅልኝ» አለ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ከስብሰባው በፊት ማን መጣ?»

ክፍሌ ጠየቀ። ሚስ ዊልማ ኤዶሳን ለመጀመሪያ ጊዜ አተኩረው አዩት።

«አንድ ሰውዬ» አሉ። «ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቡናማ ባርኔጣ ነበረው። ጨዋ ሰው ነው። እናቴ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው…» ክፍሌ ቃሉን ፍለጋ ቆመ፤ ሰርቬይ፣ ሰርቬይ አለ ለራሱ። «ለጥናት ነው አላት፣ ነው የሚሉት።»

ሰገነት የባሏን ክንድ ያዘች።

«ውሃ ጠጣ?» አለ ኤዶሳ።

«የሎሚ ጭማቂ ነው የጠጣው» አሉ ሚስ ዊልማ በክፍሌ በኩል። «ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።»

«ብቻውን ነበር?»

«ብቻውን።»

«እንግዲያ የሜትሩን ጫፍ ማን ያዘለት?»

ክፍሌ ግራ ገባው። «የምን ጫፍ ጋሼ?»

«አንድ ሰው ብቻውን ቤት አይለካም። ሜትሩ ሁለት ጫፍ አለው። ጠይቅልኝ፤ ማን ያዘለት?»

ክፍሌ እንደምንም ተረጎመው። የሚስ ዊልማ ከዘራ መሬት ነካች፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተደገፉባት። ከታች መኪናው ይጮኻል። በመጨረሻ የተናገሩት ዝግ ብለው ስለነበር ክፍሌ ጆሮውን ማስጠጋት ነበረበት።

«እኔ ነኝ የያዝኩለት ይላሉ» አለ። «ከዚህ እስከዚህ ያዢልኝ አለኝ፣ ያዝኩለት። ጎበዝ ልጅ ነሽ አለኝ። ይህን ቦታ ሃያ ዓመት ሳስጎበኝ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እኚህ ሰው ከየት አወቁ? ይላሉ።»

አሁን ሁሉም ኤዶሳን ነው የሚያየው። ሰገነት ክንዱን ጠበቅ አድርጋ፣ በለሆሳስ፣ «ተው። የቤታችንን ጉድ አደባባይ አታውጣው» አለች። በቤተ ክርስቲያኑ የሚታወቁት በልማት ተነሺነት ነው፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው ምስኪኖች። እውነትም ነው፤ ግማሽ እውነት።

«አደባባይ ላይ ነን እኮ» አላት። ከዚያም ወደ ክፍሌ ዞሮ፣ «ሥራዬ ነበር በላቸው። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። ከትልቅ ሰው ይልቅ ልጅ እጠራለሁ። ትልቅ ሰው ጫፉን ይዞ ይጠይቃል፤ ልጅ ይዞ ደስ ይለዋል።»

ክፍሌ ሳቁ ጠፋበት። «ጋሼ፣ ይሄን ልተርጉመው?»

«ተርጉመው።»

«እንዳለ?»

«እንዳለ። ጥናቱ የምን እንደሆነ ለልጆቹም አልነገርኳቸውም ብለህ ጨምርበት።»

ክፍሌ አንገቱን ደፍቶ ተረጎመ። ከምእመናኑ አንዱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ፤ ሌላው ጉሮሮውን ጠራረገ። ሚስ ዊልማ ኤዶሳን ለረጅም ጊዜ አዩት። ይቅርታ የሚያደርጉ አይመስሉም፤ የሚቆጡም አይመስሉም። የጠፋባቸውን ዕቃ በሌላ ሰው እጅ ያዩ ይመስላሉ።

«ታውቅ ነበር?» አሉ።

ይህችን ክፍሌ ሳይተረጉማት ኤዶሳ ገባችው።

«የመጀመሪያውን ዓመት አላውቅም ነበር» አለ። «ከዚያ በኋላ አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ነው።»

ሚስ ዊልማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውዬው ሎሚውን ጠጥቶ ሲወጣ ፈገግ ብሎ እንደነበር፣ ያ ፈገግታ ያውቅ ይሆን አያውቅ ይሆን እያሉ ስልሳ ሰባት ዓመት እንዳሰቡ ተናገሩ። ዕድሜ ልካቸውን የፈሩት ግን ሰውዬውን አይደለም። የገዛ እጃቸውን ነው። ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ባልይዝለት ኖሮ ብለው የሚያስቡበት ጊዜ እንደነበረ፣ የልጅ ሐሳብ መሆኑን እያወቁም እንዳልተዋቸው ነገሩት።

«ቢለቁትም ኖሮ ይለካው ነበር በላቸው» አለ ኤዶሳ። «ልጅ እምቢ ሲለኝ ድንጋይ እጭንበት ነበር።»

ክፍሌ ሲተረጉምላቸው ሚስ ዊልማ ሳቁ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ግን ሳቅ ነበር። ሰገነትም የባሏን ክንድ ለቀቀች።

«ስሙ ማን ነበር?» አለ ኤዶሳ።

«የማን?»

«የሰውዬው።»

«አልጠየቅነውም» አሉ ሚስ ዊልማ። «እሱ የእኛን ጻፈ። እኛ የእሱን አልጠየቅንም።»

ኤዶሳ ሃያ ሦስት ዓመት ስንት በር እንዳንኳኳ ያውቃል፤ አንድም ሰው ስምህ ማን ነው ብሎት አያውቅም። ስሙን ሰጥቶ አያውቅም ማለት ነው፤ መስጠት ያቆመው አሜሪካ ከመጣ ወዲህ መስሎት ነበር።

ምሳው ሲቀርብ ፎርሙን የምትሰበስበው የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ታብሌቷን ይዛ ዞር ዞር አለች። ሰገነት ፈረመች። ሠራተኛዋ ወደ ኤዶሳ ስትደርስ ክፍሌ ለመሸሽ ያህል ሳንድዊቹ ላይ አቀረቀረ፤ ኤዶሳ ግን ጠራው።

«ንገራት» አለ። «የዚያን ሰውዬ ስም ትፈልግ። በአንድ መሥሪያ ቤት በአንድ መዝገብ ይኖራል፤ እኛ ለኪዎች መዝገብ አንጥልም። ስሙን ሰሌዳው ላይ ትጻፈው። እሱ ካለበት የእኔንም ከሥሩ ትጻፍ። እሱ ከሌለበት እኔም የለሁበትም።»

«ለምን?» አለች ሠራተኛዋ በእርግጥ ግራ ገብቷት። «እርስዎ እኮ ቤትዎ የፈረሰብዎ ሰው ነዎት። ሚስትዎ ነግረውኛል።»

«ሁለቱንም ነኝ በላት።»

ክፍሌ ሁለቱንም ነው ብሎ ተረጎመላት። ልጅቷ በታብሌቷ ላይ አሰሰች። ለሁለቱም የሚሆን ቦታ ፎርሙ ላይ አልነበረም፤ አንዱን መምረጥ ነው። አስተያየት በሚለው ሥር እጽፈዋለሁ አለች። ኤዶሳ «አስተያየት» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። የሰው ስሞታ ሁሉ የሚጣልበት ጉድጓድ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሦስት ሰዎች መጥተው በቀዩ መስመር ላይ ሣሩን ሰነጠቁ፤ ብርቱካንማ ቱቦ ቀበሩ፤ አፈሩን መልሰው ዘር በትነው ሄዱ። ኤዶሳ ከመጋረጃው ጀርባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያቸው። ሰገነት ከኋላው መጥታ «አየህ፣ ኬብል ነው» አለችው።

«ኬብሉን አየሁ። ወረቀቱ ግን የት እንደሚደርስ ገና አላየሁም።»

«አንተ ሰው፣ ሲቀብሩህም ጉድጓዱን ትለካለህ።»

«ሌላ ሰው ከሚለካው ይሻላል» አለ።

በዚያው የሚኔሶታ በጋ ሚስ ዊልማ ሁለት ጊዜ ደወሉ፤ ዱረቲ መሐል ሆና አነጋገረቻቸው። የመጀመሪያውን ጊዜ ስሙን እየፈለግን ነው አሉ። ሁለተኛውን ጊዜ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። የፕሮጀክቱ ኮሚቴ ተሰብስቦ ተነጋግሮበታል። በተገኙት መዛግብት ውስጥ የባለቤቶቹ ስም አለ፣ የቤቶቹ ስፋት አለ፣ የለካው ሰው ስም የለም። ቢገኝም፣ አሉ፣ አንዳንዶቹ አይፈቅዱም፤ ሰሌዳው ላጡት ነው እንጂ ለለኩት አይደለም ይላሉ።

«እሳቸውስ ምን ይላሉ?» አለ ኤዶሳ።

ዱረቲ ጠየቀች። ከዚያ ሚስ ዊልማ፣ ስሙን አንዳንድ ቀን እንደሚፈልጉት፣ አንዳንድ ቀን እንደማይፈልጉት፣ ኮሚቴው ሲጠይቃቸው ግን ከማይፈልጉት ቀኖች አንዱ እንደነበረ ተናገሩ። ዱረቲ ይህን በእንግሊዝኛ ሰምታ፣ ለወትሮው እንደምታደርገው አሳጥራ ሳትገለብጠው፣ ቃል በቃል በአማርኛ ነገረችው። አማርኛዋ እንዲህ ሙሉ መሆኑን ኤዶሳ አያውቅም ነበር። የሴትዮዋንም መልስ አመነው፤ ሐሰተኛ ሰው እንዲህ ራሱን ለሁለት አይከፍልም።

«እንግዲያ አንድ ነገር ብቻ በያቸው» አለ። «ስሙ ካልተገኘ ቦታውን ይተዉለት። ከስሞቹ ሁሉ በላይ አንድ መስመር ባዶ ይተዉ። ምንም አይጻፍበት። የሚያየው ሰው ይሄ የማን ነው ብሎ ይጠይቅ።»

ዱረቲ ነገረቻቸው። ሚስ ዊልማ ለኮሚቴው እነግራለሁ አሉ፤ ነገሩም። ክፍሌም በበኩሉ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከነስሕተቱ ጥሩ ደብዳቤ ነበር። ሰሌዳው በመስከረም ተተከለ። ሰገነት በአራተኛው ረድፍ ላይ አለች፤ ከስሟ ሦስት ፊደል ሳቱባት እንጂ እሷው ናት። ስሞቹ ከላይ ጠርዝ እስከ ታች ጠርዝ ተጠጋግተው ሞልተዋል፤ ኤዶሳ የለበትም፣ ባዶ መስመርም የለም።